ንቡና አከርካሪው

ክረምቱ ወጥቶ የጮቄ ተዳፋት አደይ አበባ ሲለብስ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች፣ በሲናን፣ በማቻከል፣ በጎዛምንና በአነደድ፣ ማር የሚቆረጥበት ጊዜ ይደርሳል። ሥራው የምሽት ነው። ከቀርከሃ ተሠርቶ በእበት የተለሰነው ቀፎ ከተጋደመበት ይወርዳል። አባወራው ኩበት ለኩሶ ጭሱን በቀፎው አፍ ያስገባል፤ ንቦቹ ወደ ኋላ ሲሸሹ እጁን እስከ ክርኑ ሰድዶ የማሩን እንጀራ እየቆረጠ በገበታ ላይ ያኖራል። የአገራችን ንብ ቁጡ ነው። አምስት ስድስት ቦታ መነደፍ ከቁም ነገር አይቆጠርም፤ መንደፊያው ተነቅሎ ሥራው ይቀጥላል።

አልፎ አልፎ ግን አንድ ሰው በአንዲት ንብ ብቻ ይወድቃል። ሰውነቱ አያብጥም፣ አያሳክከውም፣ ሽፍታም አይወጣበትም። ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ፊቱ አመድ ይመስላል፣ ወዲያው ራሱን ስቶ ይዘረጋል። ቤተሰቡ ውኃ ይረጭበታል፤ «መጋኛ መታው» የሚልም አይጠፋም። ዕድለኛ ከሆነ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይኑን ይገልጣል። ከዚያ ወዲያ ቀፎውን ለልጁ ወይም ለወንድሙ ይተዋል፣ ነገሩም ይረሳል።

ዓመታት ያልፋሉ። ያው ሰው፣ ገና አርባ አምስት ዓመት ሳይሞላው፣ አንድ ቀን የእህል ጆንያ ሲያነሳ ከወገቡ ከፍ ብሎ አንድ ነገር «ቋ» ይልበታል። ሕመሙ ትንፋሽ ያሳጣል። መጀመሪያ «ብርድ ነው» ይባላል፣ ቀጥሎ «ኩላሊት» ይባላል። ወጌሻ በቅቤ ያሸዋል። ጤና ጣቢያ የዳይክሎፌናክ መርፌ ይወጋል። ከተማ ወርዶ ራጅ ሲነሳ «ዲስክ መንሸራተት ይሆናል» ብሎ የሚገምትለት አያጣም። ራጁን አስተውሎ የሚያይ ሐኪም ግን ሌላ ነገር ያገኛል፤ ከአከርካሪ አጥንቶቹ አንዱ ከፊት በኩል ተደፍጥጦ የሽብልቅ መልክ ይዟል፣ ከእሱ በላይ ያለው ሌላውም መሐሉ ሰርጎዷል። ይህ የሰማንያ ዓመት አሮጊት አከርካሪ እንጂ የጎልማሳ ገበሬ አይመስልም።

ይህ ታሪክ የአንድ የማውቀው ሰው ታሪክ አይደለም። በአውሮፓ የሕክምና ማዕከላት ከተመዘገቡ በርካታ ሕሙማን የተውጣጣውን መልክ እኛ አገር አምጥቼ ያቆምኩት ነው። ያመጣሁትም በምክንያት ነው። ጎጃም የማር አገር ነው፤ የሸክምና የወገብ ሕመም አገርም ነው። የንቡን ውድቀት ለአንዱ፣ የወገቡን ሕመም ለሌላው የሚናገር ሰው ሁለቱን የሚያገናኝለት አያገኝም። ሁለቱ ግን ከአንድ ሕዋስ ሊመነጩ ይችላሉ።

ያ ሕዋስ ማስት ሴል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1878 ጀርመናዊው ጳውል ኤርሊኽ ገና ተማሪ ሳለ፣ ለዶክትሬት ጽሑፉ ሕብረ ሕዋሳትን በቀለም እየነከረ ሲመረምር ለይቶ አወቀው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሆዱ በጥቃቅን ፍሬዎች ተጠቅጥቆ የሞላ ነው። ትውልዱ ከአጥንት መቅኔ ሲሆን ከዚያ ወጥቶ በቆዳ፣ በአንጀት፣ በሳንባና በደም ሥሮች ዙሪያ ይሰፍራል፤ ሰውነት ከውጭው ዓለም ጋር በሚገናኝበት ድንበር ሁሉ አለ ማለት ነው። የአንጀት ጥገኛ ትላትልን ከሚዋጉት አንዱ እሱ ነው። በየትምህርት ቤቱ የትል መድኃኒት በሚታደልበት አገር ይህ ሕዋስ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ሲነካ በቅጽበት ፍሬዎቹን ይዘረግፋል። ሂስታሚን፣ ሄፓሪን፣ ትሪፕቴዝና ሌሎች ብዙ ኬሚካሎች ይፈስሳሉ፤ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ አፍንጫ ይፈስሳል፣ አንጀት ይላወሳል። ለጤነኛ ሰው ይህ ጥበቃ ነው።

ሲስተሚክ ማስቶሳይቶሲስ የሚባለው የዚህ ሕዋስ በሽታ የሚጀምረው ኪት በሚባል ዘረ መል ውስጥ አንዲት ስህተት ስትፈጠር ነው። ይህ ዘረ መል የሚሠራው ፕሮቲን ማስት ሴሉ «ተባዛ» የሚል ትእዛዝ የሚቀበልበት ተቀባይ ነው። ሲስተሚክ ማስቶሳይቶሲስ ካለባቸው ዐዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ በሆኑት ላይ በዚህ ፕሮቲን 816ኛው ቦታ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ ተለውጦ ይገኛል። ትእዛዝ ባይመጣም ተቀባዩ እንደታዘዘ ሆኖ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ለውጡ ከወላጅ የሚወረስ ሳይሆን በሕይወት ዘመን በመቅኔ ሕዋስ ላይ የሚደርስ ነው፤ ስለዚህ ለልጅ ይተላለፋል ተብሎ የሚያስፈራ አይደለም። ያልታዘዙት ማስት ሴሎች በመቅኔ ውስጥ እየተሰባሰቡ ይከማቻሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለምርመራ ያስቀመጠው ዋነኛ መስፈርትም ይኸው ነው፤ በመቅኔ ወይም በሌላ አካል ናሙና ውስጥ 15 እና ከዚያ በላይ ማስት ሴሎች ተጠጋግተው የቆሙባቸው ክምችቶች መገኘት። በሽታው ብርቅ ነው። በዴንማርክና በኔዘርላንድስ የተደረጉ ቆጠራዎች ከ10,000 ሰው አንድ ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። ከያዛቸውም አብዛኞቹ ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት ያላቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸው አያጥርም፣ አጥንታቸው ግን ይጎዳል።

ለምን አጥንት? መልሱ ያለው መቅኔው ከሚገኝበት ቦታ ነው። አጥንት እንደ ድንጋይ አንዴ ተቀርጾ የሚቀር የሚመስለን ብዙ ነን። እውነቱ ግን ከገጠር የጭቃ ግድግዳ ጋር ይቀራረባል፤ በየጊዜው ያረጀው ምርጊት ይፋቃል፣ በቦታው አዲስ ይመረጋል። ኦስቲዮክላስት የሚባሉት ግዙፍ ሕዋሳት ፋቂዎቹ ናቸው። አሲድና ኢንዛይም እያመነጩ በአጥንቱ ገጽ ላይ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ይህም ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል። ኦስቲዮብላስቶች ተከትለው ጉድጓዱን በአዲስ አጥንት ይሞላሉ፤ ይህኛው ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው። በዚህ አኳኋን በየዓመቱ ከዐዋቂ ሰው አጽም 10 በመቶ ያህሉ ይታደሳል። ማፍረሱ ሳምንታት፣ መሥራቱ ወራት ስለሚወስድ ፋቂዎቹ ትንሽ ከበዙ ሠሪዎቹ አይደርሱባቸውም።

ሚዛኑን የሚጠብቁት ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው። ራንክል የተባለው ፋቂዎቹን ያበዛል፣ ያነቃቃልም፤ ኦስቲዮፕሮቴጀሪን የተባለው ደግሞ ራንክልን እየያዘ ያግደዋል። ሁለቱ የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ዛሬ ስለ አጥንት መሳሳት የምናውቀው ብዙው ነገር ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። አሁን በመቅኔው ውስጥ፣ ልክ ፍቂያውና ምርጊቱ በሚካሄድበት ገጽ አጠገብ፣ የማስት ሴል ክምችት ቁጭ ብሎ ቀን ከሌት ፍሬውን ሲዘረግፍ አስቡት። ሂስታሚኑ ፋቂዎቹን ያበዛል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ሂስታሚን እንዳያመርቱ ተደርገው በተወለዱ አይጦች ላይ የአጥንት ግንባታ ጨምሮ እንደተገኘ አሳይቷል። ሄፓሪን አጥንትን እንደሚያሳሳ ሐኪሞች ቀድሞም ያውቁ ነበር፤ ደም እንዳይረጋ ለረጅም ወራት ሄፓሪን ሲወጉ የቆዩ ነፍሰ ጡሮች አከርካሪያቸው የተሰበረባቸው ጊዜ አለ። ማስት ሴሉ ኢንተርሊውኪን 6ን፣ ቲኤንኤፍንና ራሱን ራንክልንም ያወጣል። ሁሉም የሚገፉት ወደ ማፍረሱ ነው።

ጉዳቱ በሁሉም አጥንት ላይ እኩል አይደለም። የጭን አጥንት ዙሪያው ጥቅጥቅ ያለ ቅርፊት ነው፤ ቶሎ አይበገርም። አከርካሪ ግን ውስጡ ስስ ስስ ዘንጎች እርስ በርስ የተያያዙበት ወንፊት መሳይ አጥንት ነው፣ በዘንጎቹ መካከል ያለው ቦታ ሁሉ በመቅኔ የተሞላ ነው። ማስት ሴሉ የሚሰፍርበትና ፋቂው የሚቆፍርበት ገጽ እዚህ ከየትኛውም ቦታ ይበልጣል። ዘንጎቹ ይሳሳሉ፣ ከዚያ ይበጠሳሉ፣ የተበጠሰ ዘንግ ደግሞ መልሶ አይገናኝም። የሚደንቀው ነገር ብዙዎቹ የአከርካሪ ስብራቶች ያለ ከባድ ሕመም ማለፋቸው ነው። ሰውየው የሚያውቀው ቁመቱ ሲያጥር፣ ወይም ጀርባው ሲጎብጥ ነው። በኔዘርላንድስ በግሮኒንገን ከተማ ቀስ ብሎ የሚሄደው ማስቶሳይቶሲስ ያለባቸው 157 ሰዎች ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲታተም፣ ከሲሶ በላይ የሆኑት በሕይወታቸው በቀላል ምክንያት የሚመጣ ስብራት ደርሶባቸው ነበር። በተለመደው የአጥንት መሳሳት ተጠቂዎቹ በአብዛኛው ያረጡ ሴቶች ናቸው፤ እዚህ ግን ገና በጉልምስና ላይ ያሉ ወንዶች ጎልተው ይታያሉ።

የዚህ በሽታ ሌላው ባሕርይ አጥንትን ሁልጊዜ አለማሳሳቱ ነው። በጥቂት ሕሙማን ላይ ነገሩ ተገልብጦ አጥንቱ ይጠጥራል፣ ራጁ ላይ ከልክ በላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ይህ የሚገጥመው በብዛት የማስት ሴል ክምችቱ ከፍተኛ በሆነባቸው፣ የትሪፕቴዝ መጠናቸውም እጅግ በጨመረባቸው ሰዎች ላይ ነው። ትሪፕቴዝ ሠሪዎቹን ሕዋሳት የመገፋፋት ጠባይ አለው። አንዱ አከርካሪ ሳስቶ ሌላው ጠጥሮ የሚገኝበት ሰውም አለ። የጠጠረ አጥንት ጠንካራ ነው ማለት አይደለም፤ አሠራሩ የተዘበራረቀ ስለሆነ እሱም ይሰበራል። በእኛ አገር በራጅ ላይ የነጣ አጽም ሲታይ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ፍሎራይድን ነው፤ የስምጥ ሸለቆው የወንጂ ሠራተኞች በውኃው ፍሎራይድ የተነሣ የደረሰባቸውን የአጥንትና የነርቭ ጉዳት ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ለዓለም አስታውቀዋልና። ትውልዱም ኑሮውም በጎጃም ደጋ የሆነ፣ የስምጥ ሸለቆ ውኃ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ራጅ ይዞ ሲመጣ ግን ወደ ሌላ ምክንያት ማሰብ ያስፈልጋል።

ለተደፈጠጠ አከርካሪም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ በወጣት ሰው ጀርባ ላይ የተደፈጠጠ አጥንት ሲገኝ ቀድሞ የሚጠረጠረው የአከርካሪ ነቀርሳ ነው፤ መጠርጠሩም ተገቢ ነው፣ ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናልና። ነቀርሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጎረቤት አጥንቶች መካከል ያለውን ዲስክ አብሮ ይበላል፣ መግልም ይቋጥራል። በማስት ሴል በሽታ ዲስኩ ደኅና ሆኖ አጥንቱ ብቻ ነው የሚሰምጠው። መልቲፕል ማየሎማ የተባለው የመቅኔ ካንሰርም፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎንም ይህንኑ መልክ ያመጣሉ፤ እነሱም መጣራት አለባቸው። ሁሉም ተጣርተው ምክንያት ሲጠፋ ግን «እንዲያው የሳሳ አጥንት» ተብሎ መዝገቡ ሊዘጋ አይገባም።

የጣሊያኗን ቬሮና የማነሣው ለዚህ ነው። እዚያ የአለርጂ ሐኪሟ ፓትሪሲያ ቦናዶናና ባልደረቦቿ በንብና በተርብ ንድፊያ ከባድ ችግር የደረሰባቸውን 379 ሰዎች መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። ከእነሱ የደም ትሪፕቴዛቸው ከፍ ያለባቸው ተለይተው፣ የ34ቱ መቅኔ ናሙና ሲወሰድ በ21ዱ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄደው ማስቶሳይቶሲስ ተገኘ። ብዙዎቹ በንብ ከመውደቃቸው በቀር በሽታ አለብን ብለው አያውቁም፤ ቆዳቸው ላይ ነጥብ እንኳ አልነበረም። በዚያው ከተማ የደም ሐኪሟ ሮቤርታ ዛኖቲና የአጥንት ሐኪሙ ማውሪስዮ ሮሲኒ የእነዚህኑ ዓይነት ሕሙማን አጥንት ሲመረምሩ የሳሳና የተሰበረ አከርካሪ በብዛት አገኙ። የአለርጂ ክፍልና የአጥንት ክፍል መዝገባቸውን ጎን ለጎን ባያስቀምጡ ኖሮ ይህ አይታወቅም ነበር። በሌሎች አገሮችም ይኸው ተደግሟል፤ ቆዳው ንጹሕ የሆነ፣ በንብ ሲነደፍ ሳያብጥ ራሱን የሚስት፣ አከርካሪው የሳሳ ወንድ አሁን በመጻሕፍት ውስጥ ራሱን የቻለ መልክ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የንቡ መርዝ ደም ውስጥ ሲገባ ያንን ሁሉ የተከማቸ ማስት ሴል በአንድ ጊዜ ያፈነዳዋል። ደም ሥሮች በቅጽበት ይሰፋሉ፣ ደም ግፊት ይወርዳል፣ አንጎል ደም ያጣል። ሰውየው የወደቀው ከንቡ መርዝ ብዛት ሳይሆን ከገዛ ሕዋሳቱ ብዛት ነው።

በቆዳ ላይ የሚታይ ምልክት ያለው ሰውም አለ። ቡናማ ነጠብጣብ በጭንና በሆድ ላይ ይበተናል፤ ሲፈተግ ቦታው ያብጣል፣ ያሳክካልም። በነጭ ሰው ቆዳ ላይ የሚታየውን መቅላት በጥቁር ቆዳ ላይ መፈለግ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ ጣት ይሻላል፤ ነጠብጣቡን በብርቱ አሽቶ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ማበጡን መዳሰስ ነው። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነጠብጣብ ጭርት ወይም ማዲያት ተብሎ ይታለፋል፣ ከከፋም ሰው ለምጽ ይፈራል። አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ቦታ ነውና ናሙና ተወስዶ የሚለይበት መንገድ አለ።

ጨጓራም ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ሂስታሚን የጨጓራን አሲድ ያበዛል፤ ብዙዎቹ ሕሙማን የሚያቃጥል ሆድና ተቅማጥ አላቸው። ጎጃም ውስጥ «ጨጓራ አለብኝ» የማይል ሰው ማግኘት ይቸግራል፣ ስለዚህ ይህ ብቻውን ምንም አያመለክትም። የንቡ ውድቀት፣ የወገቡ ስብራትና ጨጓራው ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ነው ቁም ነገሩ። በሆስፒታል ወረፋ ጠብቆ የገባው ገበሬ የሚናገረው ያስቸገረውን ብቻ ነው፤ ወገቡን። የቀረውን መጠየቅ የሐኪሙ ፋንታ ነው።

«ጋሼ፣ ንብ ነድፎዎት ያውቃል?»

«ማን ያልነደፈው አለ፣ ዶክተር!»

«ራስዎን የሳቱበት ጊዜስ?»

ይህ ጥያቄ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ማሽንም አያስፈልገውም። መልሱ «አዎ» ከሆነ ቀጣዩ መንገድ ይታወቃል፤ የደም ትሪፕቴዝ ይለካል፣ ከ20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ከመስፈርቶቹ አንዱ ተሟላ ማለት ነው፣ ከዚያ የመቅኔ ናሙና ይከተላል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ የሚወጣው መንገድ አከርካሪው ለተሰበረ ሰው ሥቃይ ነው። ሳይጠረጠር በከንቱ ከሚመላለስ ተጠርጥሮ፣ ለአንድ ቁርጥ ላለ ጉዳይ ተጽፎለት አንዴ ቢሄድ ይሻለዋል።

እስከዚያው ድረስ ግን ጉዳት ማድረስ የሚችሉት የለመድናቸው ነገሮች ናቸው። ወገብ ላይ ወጥቶ መርገጥ፣ ጀርባን ጠምዝዞ «ቋ» ማድረግ ለሳሳ አከርካሪ አዲስ ስብራት ነው። ወጌሻዎቻችን የክንድና የእግር ስብራት በማቃናት ስንቱን ሰው እንደረዱ አውቃለሁ፤ ያለ አደጋ የተሰበረ አከርካሪ ግን የእጅ ጥበብ የሚመልሰው አይደለም። ዳይክሎፌናክ፣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደግሞ በአንዳንድ የዚህ በሽታ ሕሙማን ላይ ማስት ሴልን ይቀሰቅሳሉ። ለወገብ ሕመም የተሰጠ መርፌ ሰውን ሲጥል «መድኃኒቱ ከበደው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። አረቄ፣ ድንገተኛ ሙቀት፣ ብርቱ ድካምም ቀስቃሾች ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው ሳይታወቅ ለቀዶ ጥገና መግባት ነው፤ በሰመመን ጊዜ የሚሰጡ አንዳንድ ጡንቻ አዝላዮችና እንደ ሞርፊን ያሉ ማስታገሻዎች ያንኑ የንቡን ውድቀት በቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ ሊደግሙት ይችላሉ።

ሕክምናውን በተመለከተ የምሥራቹ ከሚጠበቀው በላይ ነው። አጥንቱን የሚያድኑት መድኃኒቶች አዲስም ብርቅም አይደሉም። ቢስፎስፎኔት የሚባሉት ፋቂዎቹን ሕዋሳት ያዳክማሉ። አሌንድሮኔት በሳምንት አንድ ጊዜ በባዶ ሆድ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ የሚዋጥ፣ ከዋጡትም በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ የሚቆዩበት እንክብል ነው። ዞሌድሮኒክ አሲድ በደም ሥር የሚንጠባጠብ ሲሆን የሮሲኒ ቡድን በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ 5 ሚሊ ግራም በማስቶሳይቶሲስ ሕሙማን ላይ የአከርካሪን ጥግግት እንደሚጨምር አሳይቷል። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አብረው መስተካከል አለባቸው። ሂስታሚንን የሚያግዱት እንክብሎች፣ የማሳከኩም የጨጓራውም፣ በየፋርማሲው ያሉ ናቸው፤ ማሳከኩንና አሲዱን ያስታግሳሉ፣ አጥንቱን ግን ብቻቸውን አያድኑም።

ክምችቱን ራሱን የሚመታው መድኃኒት ሌላ ጉዳይ ነው። ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ኢትዮጵያውያን ዕድሜ የቀጠለው ኢማቲኒብ እዚህ ላይ አይሠራም፤ በ816ኛው ቦታ ላይ የተፈጠረው ለውጥ የተቀባዩን ቅርጽ ስለሚቀይረው መድኃኒቱ የሚይዝበት ያጣል። ለዚሁ ለውጥ ታስቦ የተሠራው አቫፕሪቲኒብ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ለከባዱ ዓይነት፣ በ2023 ደግሞ ቀስ ብሎ ለሚሄደው ዓይነት ተፈቅዷል። ዋጋው ግን ለሀብታም አገሮችም የከበደ ነው። እንደ እኔ እምነት ለጎጃሙ ገበሬ ያን መጠበቅ አያስፈልግም። አከርካሪው እንዳይሰምጥ የሚያደርገው መድኃኒት በሳምንት አንዲት እንክብል፣ ወይም በዓመት አንድ ጉሉኮስ የምታህል ናት፤ የሚጎድለው መጠርጠሩ ነው።

በሽታው የተረጋገጠለት ሰው ንብ ባለበት አገር እየኖረ ነውና አድሬናሊን በአጠገቡ ሊኖረው ይገባል፤ ቤተሰቡም ሲወድቅ ውኃ ከመርጨት ይልቅ በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግን፣ መርፌውንም በጭኑ ጡንቻ ላይ መውጋትን መማር አለበት። በካርዱ ላይ የበሽታው ስም፣ የማይስማሙት መድኃኒቶችና «ከሰመመን በፊት ይነበብ» የሚለው በግልጽ ይጻፍለት፤ አንድ ቅጂ ከመታወቂያው ጋር በኪሱ፣ ሌላው ደግሞ በሚታከምበት ሆስፒታል መዝገቡ ውስጥ ይቀመጥ።